ማዕደ ጎረቤት፦ በመካነ ሰላምና በምዕራብ ወሎ ደጋ የእንግዳ አቀባበል ታሪክ

ከዓባይ በረሓ ተነሥቶ ወደ ቦረና ደጋ የሚወጣ መንገደኛ፣ ቆላውን ትቶ ወይና ደጋውን ካለፈ በኋላ፣ ብርዱ ከፊቱ እየተቀበለው መካነ ሰላም ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ቀኑ መሽቶበታል፤ ስለዚህም በዚህ አገር እንግዳ መቀበል በጎ ምግባር ከመባሉ አስቀድሞ መልክዐ ምድሩ ራሱ ያዘዘው ግዴታ ነበረ ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። በምዕራብ ዓባይ፣ በሰሜን በሽሎ የሚያዋስኑት፣ በመካከሉም ጥልቅ ሸለቆዎች የሚቆራርጡት ይህ ደጋ፣ ቦረናንና ወግዲን፣ ከላላንና ለጋምቦን፣ አማራ ሳይንትንና መሃል ሳይንትን ይዞ የተዘረጋ ሲሆን፣ የመኪና መንገድ ሳይገባበት በፊት ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው ለመድረስ አንዱን ገደል ወርዶ ሌላውን መውጣት ያስፈልግ ነበር። በዚህም ምክንያት ጨው ነጋዴው፣ አቡጀዲ ሻጩ፣ ከገዳም ወደ ገዳም የሚሄደው መነኩሴ፣ ከመስጊድ ወደ መስጊድ የሚዞረው ደረሳ፣ ሁሉም ፀሐይ ባዘቀዘቀችበት ደጃፍ ቆመው «የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይሉ ነበር፤ ባለቤቱም «ቤት ለእንግዳ» ብሎ ከማስገባት በቀር ሌላ መልስ አልተማረም።

ያለፉት ጸሐፍት ስለ ማዕድ ሲጽፉ ዐይናቸው ዘወትር በቤተ መንግሥት ላይ ነበረ። «ሥርዐተ ግብር» የተባለው ጥንታዊ ድርሰት በመካከለኛው ዘመን ነገሥታት አዳራሽ ለማን ምን እንደሚቀርብ በየማዕርጉ ይዘረዝራል፤ ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ባሳተሙት «ዝክረ ነገር» የቤተ መንግሥቱን ሥርዐት ለትውልድ አቆይተዋል፤ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በ1880 ዓ.ም. መጀመሪያ በተመረቀ ጊዜ እቴጌ ጣይቱ ያደረጉት ታላቅ ግብርም እስከ ዛሬ ይነገራል። ነገር ግን አንዲት የቦረና እመቤት ከወፍጮዋ ተነሥታ፣ ልጅዋን አዝላ፣ እሳቷን አያይዛ፣ ጎረቤቶቿን ጠርታ ያስተናገደችበት ተራ ቀን በመጽሐፍ ሰፍሮ የሚገኘው እጅግ ጥቂት ነው። እኔም ስለዚሁ ስለ ትንሹ ማዕድ ለመጻፍ የተነሣሁት፣ ታላላቆቹ አዳራሾች ፈርሰው ወይም ባዶ ቀርተው ሳለ እርሱ ግን ጸንቶ መኖሩ ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ መመርመር ይገባል ብዬ በማመን ነው።

የታላቁ ግብር ታሪክ በዚህ አገርም አልጐደለም። በጥንቱ ቤተ አማራ፣ ዐፄ በእደ ማርያም (1460–1470 ዓ.ም.) ያቋቋሟት አትሮንሰ ማርያም፣ ዐፄ ናዖድ ጀምረዋት ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሟት መካነ ሥላሴም የነገሥታት በዓል የሚከበርባቸው፣ ካህናትና ሠራዊት የሚመገቡባቸው ታላላቅ አድባራት ነበሩ፤ ሁለቱም በ1524 ዓ.ም. በኢማም አሕመድ ጦር ተቃጠሉ። ከዚያ በኋላ ዐፄ ገላውዴዎስ በሳይንት ያሠሯት ተድባበ ማርያም እስከ ዘመናችን ቆይታ በዓመት በዓሏ ከሩቅም ከቅርብም የሚመጣውን ሕዝብ ትቀበላለች። በደሴም ንጉሥ ሚካኤል፣ በ1906 ዓ.ም. የንግሥና ዘውድ የጫኑት የወሎ ገዥ፣ ትልቁን የግብር አዳራሻቸውን «አይጠየፍ» ብለው መሰየማቸው፣ ባለጠጋውንና ድኻውን፣ ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን በየወገኑ ሥርዐት ለማብላት አስበው እንደ ነበረ ያሳያል።

ይሁን እንጂ የጌታ ግብር የሚወጣው ከገባሩ ጎተራ ነበር፤ ይህንም ሳይጠቅሱ ስለ አዳራሹ ግርማ ብቻ መናገር ታሪክን ማጕደል ይሆናል። ሹም ሲያልፍ ድርጎ ይሰፈርለታል፤ ጦር ሲዘምትም ወታደሩ በየገበሬው ቤት ተሰሪ ሆኖ ይመራል፤ ቤተ ሰቡ ያለውን አብልቶ፣ አልጋውን ለቆ፣ የዘር እህሉን ሳይቀር ያጣበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1880ዎቹ ዓ.ም. አሥራት እንዲከፈል ያወጁት ይህ የወታደር ምሪት ሕዝቡን ስላስመረረው ነው። እንዲህ ያለ መከራ ያየ ሕዝብ በፈቃዱ የሚመጣውን እንግዳ ጠልቶ በሩን አለመዝጋቱ፣ በሚገደድበትና በሚወድበት መካከል ያለውን ልዩነት አጥርቶ ማወቁን ይመሰክራል።

በፈቃድ የተደረገ መስተንግዶ የሚያስከፍለውን ዋጋ በተመለከተ ከወሎዋ ገዥ ከወይዘሮ ወርቂት የበለጠ ምስክር የሚገኝ አይመስለኝም። የሸዋው አልጋ ወራሽ ምኒልክ በሰኔ 1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጦ ወደ ወሎ ሲገባ ያገኛት እርሷን ነበር፤ የወይዘሮ ወርቂት ልጅ ግን በዚያው በመቅደላ አምባ በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ታስሮ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም በምኒልክ ማምለጥ ተቈጥተው ልጇን አስገደሉባት፤ ምኒልክ ግን በወሎ አልፎ ሸዋ ገባ። አንዲት እናት እንግዳውንና ልጅዋን በሚዛን ላይ አስቀምጣ ለማሰብ የተገደደችበትን ሁኔታ ያሰበ ሰው፣ በዚያ አገር «እንግዳ» የሚለው ቃል ለምን በቀላሉ እንደማይነገር ይረዳል።

ወደ ዋናው ነገራችን እንመለስ። በግንቦት 1870 ዓ.ም. ስለ ሃይማኖት ከተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ መኳንንት ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ በመደረጉ፣ ከላይ የተጠቀሱት የኋላው ንጉሥ፣ ኢማም መሐመድ ዓሊም፣ ራስ ሚካኤል ተብለው በመጠራታቸው፣ ከዚያም በፊት ሆነ በኋላ በጋብቻና በመንደርተኝነት ሁለቱ ወገኖች ተዋሕደው በመኖራቸው፣ በወሎ በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ወንድም ክርስቲያን፣ እኅት ሙስሊም፣ አያት ሼኽ፣ የልጅ ልጅ ዲያቆን ሆኖ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ሁለቱም ወገኖች በመምሬ ድንኳኑ ደጃፍ ሦስት እንግዶችን ተቀብሎ ጥጃ ያረደውን አብርሃምን፣ ኢብራሂምንም፣ የእንግዳ ተቀባዮች አባት ያደርጉታል። ነገር ግን ያው ሥጋ፣ አብርሃም ለእንግዶቹ ያቀረበው ሥጋ፣ በልጆቹ መካከል መለያ ሆነ፤ አንዱ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብሎ የባረከውን ሌላው አይበላም፤ ሌላው «ቢስሚላሂ» ብሎ ያረደውን አንዱ አይቀምስም።

እንግዲህ በአንድ መንደር የሚኖሩ፣ በአንድ ምንጭ የሚቀዱ፣ በአንድ ደቦ የሚያጭዱ ሰዎች በሥጋ የማይገናኙ ከሆነ በምን ይገናኙ? የወሎ እናቶች ይህን ጥያቄ በጉባኤ ሳይሆን በምድጃ ፈቱት። አንደኛው መንገድ ለእንግዳው የራሱን ወገን ጠርቶ ማሳረድ ነበር፦ ክርስቲያኑ ሠርግ ሲደግስ በጉን ወይም ወይፈኑን ለሙስሊም ጎረቤቶቹ በሕይወቱ ይሰጣቸዋል፤ እነርሱም በየራሳቸው ቢላ አርደው፣ በየራሳቸው ድስት ሠርተው፣ በዚያው ግቢ በተለየ ዳስ ይስተናገዳሉ፤ ሙስሊሙም ለክርስቲያን እንግዶቹ እንዲሁ ያደርጋል። ይህ ግን ለድግስ ቀን እንጂ ለዘወትር የሚሆን አይደለም። ለዘወትሩ የተገኙት ሁለቱ መፍትሔዎች የጾም ምግብና ቡና ናቸው።

ስለ ጾም ምግብ ሲነገር ብዙ ሰው የረኃብና የመጨቆን ነገር ብቻ ይታየዋል። ክርስቲያኑ ከረቡዕና ከዓርብ ጀምሮ ዐቢይ ጾምን፣ ፍልሰታን፣ ጾመ ነቢያትን፣ ሌላውንም ሲቈጥር በዓመት ከ180 በማያንሱ ቀናት ከሥጋና ከወተት ይከለከላል፤ በእነዚህ ቀናት ግን ከቤቱ የሚወጣው ወጥ ሙስሊሙ ጎረቤቱ ያለ ሥጋት የሚበላው ነው። ስለዚህ ሽሮ በዚህ አገር የሁለቱም ወገን ወጥ ሆነ። የደጋው ሽሮ የባቄላና የአተር ሲሆን፣ እህሉ ታምሶ፣ ተከክቶ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላ፣ ከኮረሪማ፣ ከጥቁርና ከነጭ አዝሙድ፣ ከድንብላልና ከአብሽ ጋር በልክ በልኩ ተዋሕዶ ይፈጫል፤ በብርዱ አገር የሚበቅለው ጦስኝም መዓዛውን ይጨምርለታል። የተዘጋጀ ሽሮ በቅል ወይም በገንቦ ውስጥ ካለ፣ ድንገት የደረሰ እንግዳ ውኃው እስኪፈላ ቢቀመጥ ይበቃዋል። እመቤቲቱ አንድ ቀን ደክማ ያዘጋጀችው ብዙ ወር ያሳርፋታል፤ ባልትና ማለት በአብዛኛው ይህን አስቀድሞ ማየት ነው።

በርበሬም እንዲህ ነው፤ ነገር ግን ታሪኩ ከሽሮ ያነሰ ዕድሜ አለው። የበርበሬ ዘር አገሩ ከውቅያኖስ ማዶ አሜሪካ ስለ ሆነ፣ በ1524 ዓ.ም. የተቃጠሉት አድባራት ካህናት ይበሉት የነበረው ወጥ እንደዛሬው ቀይ ሊሆን አይችልም፤ ማጣፈጫቸው ቁንዶ በርበሬ፣ ጥምዝ፣ ኮረሪማ፣ ዝንጅብልና ሰናፍጭ የመሰለው ነበር ማለት ነው። ድንችም በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፀዋት ሊቅ ወደ አገራችን ያስገባው ነው ይባላል፤ ዛሬ ግን የለጋምቦና የሳይንት ደገኛ ያለ ድንች ክረምትን አልፋለሁ ብሎ አያስብም። ስለዚህ «የእናት አያቶቻችን ወጥ» የምንለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ከሰማይ የወረደ ሳይሆን በየዘመኑ ያገኘውን እየጨመረ የመጣ ነው፤ ይህንም ማወቅ ክብሩን አይቀንሰውም።

ቡና የደጋው ሰው የማያበቅለው፣ ከቆላ በነጋዴ ጀርባ የሚመጣ ነገር ነበረ፤ የሚያመጡትም በአብዛኛው ሙስሊም ነጋዴዎች ስለ ነበሩ፣ የክርስቲያኑ ካህን ቡናን እንደ ጫትና እንደ ትምባሆ ቈጥሮ የሌላ ሃይማኖት ምልክት ነው በማለት ለብዙ ዘመን ከልክሎት ኖሯል። ይህ ክልከላ ሙሉ በሙሉ የላላው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ በምኒልክ ዘመን ነው። በወሎ ግን የቡናው ጢስ ከአጥር አጥር ማለፉ ከዚያ አስቀድሞ ሳይጀምር አልቀረም ብዬ እገምታለሁ፤ እኅቷ ሙስሊም የሆነች ክርስቲያን ሴት በእኅቷ ቤት ሲኒ ተዘርግቶላት «አልጠጣም» ብላ ለመነሣት ምን ያህል ልብ ይኖራታል?

የቡናውን ሥርዐት አንባቢ ሁሉ ያውቀዋልና አላረዝመውም፦ ቄጠማው ይጐዘጐዛል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቡናው ይታጠባል፣ ይቈላል፣ ጢሱ ለእንግዶቹ ይዞርላቸዋል፣ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ በጀበና ይፈላል፤ ከዚያም አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስት ጊዜ ይቀዳል። ስኳር ከከተማ እስኪደርስ ድረስ በጨው የሚጠጣበት ቤት ብዙ ነበር፤ ጤና አዳም የሚነከርበትም አለ። ቡና ቁርሱ የገብስ ቆሎ፣ የባቄላ ወይም የስንዴ ንፍሮ፣ አንዳንዴም ትኩስ ቂጣ ነው። በመካከሉ ሽማግሌው ወይም አሮጊቲቱ ይመርቃሉ፤ በሙስሊሙ ቤት ዱዓ ይደረጋል፤ ዝናብ ሲጠፋ ወይም ሕመም ሲበዛ አባጋር በተባሉት ሽማግሌዎች መሪነት በሚደረገው፣ ወዳጃ በተባለው የጋራ ጸሎት ቡናው ራሱ የጸሎቱ ማዕከል ይሆናል፤ ክርስቲያኑም በአቅራቢያው ተቀምጦ «አሜን» ይላል።

አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ግን ሌላ ነገር ነው፤ እንዲያውም ይህን ድርሰት የጻፍሁት ስለዚህ ነው። በዶሮ ወጥ መስተንግዶ እመቤቲቱ ከእንግዶቿ ጋር አትቀመጥም። ዶሮው በ12 ብልት ተበልቶ፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ታጥቦ፣ ሽንኩርቱ ደቆ ተከትፎ በደረቁ እየተንተከተከ፣ በርበሬው ገብቶ ቁሌቱ እስኪበስል ድረስ ጥቂት ጥቂት ውኃ እየተጨመረለት፣ ቅቤው፣ መከለሻው፣ ዕንቍላሉ ተራውን ጠብቆ እስኪገባ ድረስ ግማሽ ቀን ያልፋል፤ የኩበትና የጭራሮ ጢስ ዐይኗን እያስለቀሳት ጨዋታውን ከጓዳ ሆና ትሰማዋለች። ከዚያም ፈረሰኛው ለአባወራው ወይም ለክቡሩ እንግዳ፣ መላላጫው ለእገሌ፣ ታፋው ለእገሊት እየተባለ ሲታደል ለእርሷ የሚተርፈው ይታወቃል። በጠላ ድግስም እንዲሁ ነው፤ ጌሾው ተወቅጦ ከሚጠነሰስበት ቀን ጀምሮ ብቅሉ፣ ቂጣው፣ አሻሮው፣ ድፍድፉ፣ እያለ ብዙ ቀን ታግሣ እንስራና ጋን ስታጥን፣ ስታጥብ፣ ስታጠልል ትሰነብታለች፤ ሙስሊሟም ጠቆር ተደርጎ ከተቈላ ገብስ ቀሪቦዋን ስታፈላና ስታቀዘቅዝ ትደክማለች። በቡና ግን እመቤቲቱ ከእንግዶቿ መካከል ትቀመጣለች። ሥራው በዐይናቸው ፊት፣ በጨዋታቸው መካከል ይፈጸማል፤ እሳቷም፣ ወሬዋም፣ ምክሯም፣ ልቅሶዋም በአንድ ስፍራ ነው። ከወሎ ማዕዶች ሁሉ አስተናጋጇን ከጓዳ አውጥቶ በጉባኤው መሐል ያስቀመጠ ይህ አንዱ ብቻ ነው፤ ጸንቶ የኖረበትም ምክንያት፣ በኔ አስተያየት፣ ከዋጋው ርካሽነት ይልቅ ይኸው ነው።

የቀድሞዋ እመቤት ቀኗ ምን ይመስል እንደ ነበረ ያላሰበ ሰው ይህን ነገር ቀላል አድርጎ ሊያየው ይችላል። ዶሮ ሳይጮህ ተነሥታ በወፍጮው ድንጋይ ላይ ተንበርክካ መጁን ትገፋለች፤ ለቤተ ሰብ የዕለት እንጀራ የሚሆን ዱቄት ከጨለማ እስከ ንጋት ያስፈጫታል። ውኃው ከምንጭ፣ እንጨቱ ከጫካ፣ ኩበቱ ከበረት ይሰበሰባል፤ ጥጡ ይፈተላል። ከዚህ ሁሉ መካከል የምታርፍበት ሰዓት የተገኘው በሁለት ነገር ነው፦ በወሩ ውስጥ በተመደቡት በዓላት፣ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በመሰሉት መፍጨትና መውቀጥ ስለማይፈቀድ፣ በሙስሊሙም ዘንድ በጁምዓ ቀን፤ በሌላው ቀን ደግሞ ጎረቤቶች በየተራ በሚያፈሉት ቡና። ዛሬ በእገሊት ቤት፣ ነገ በእገሊት ቤት ተብሎ ስለሚዞር የአንዲቱ ጓዳ አይራቆትም፤ ቡናው ያለቀባት ቆሎ ይዛ ትመጣለች፤ ቆሎ የሌላት ምርቃቷን ይዛ ትመጣለች።

ይህ ተራ የመጠባበቅ ልማድ በልቅሶ ጊዜ ወደ ሕግ ይለወጣል። በወሎ ቅሬ የተባለው የመቃብርና የእርዳታ ማኅበር ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በመንደሩ ልክ አንድ አድርጎ ይይዛል፤ ሰው ሲሞት የሐዘንተኛው ቤት እሳት አይነድም፤ ጎረቤቱ እዝን ይዞ ይመጣል፤ ቡናውንም የሚያፈሉት እንግዶቹ ናቸው።

ክፉ ቀን የተባለው፣ ከብቱን የፈጀው በሽታ ያስከተለው የ1880ዎቹ መጀመሪያ ረኃብ፣ ኋላም በ1958፣ በ1965 እና በ1966፣ ከሁሉም ይልቅ በ1977 ዓ.ም. ወሎን የመታው ድርቅ ይህን ማዕድ ሊያጠፋው የቀረበበት ዘመን ነበር። በረኃብ ጊዜ አስቀድሞ የሚቀረው ግብር ነው፤ ከዚያ ድግስና ዝክር ይቀራል፤ ከዚያ ዶሮና ጠላ ይቀራል፤ ከሁሉም በኋላ ቆሎና ቡና ይቀራል። የቡና ፍሬ ሲጠፋ ገለባውን ወይም የተቈላ ገብስ አፍልቶ በጀበና ማቅረብ ድኾች የሚያውቁት ዘዴ ነው። ሰው በሩን የሚዘጋው የሚሰጠው ሲያጣ ሳይሆን ተቀምጦ የሚያጫውተው ሲያጣ እንደ ሆነ ከዚያ ዘመን ያመለጡ አረጋውያን ንግግር ያስረዳል።

የ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ገባርነትን ሲሽር የጌታውም ግብር አብሮ ተሻረ። የሞተር ወፍጮ ሲገባ ከሴቲቱ ቀን ላይ ብዙ ሰዓት ተመለሰላት፤ ስለ መሻሻል ብዙ ቢነገርም በገጠሯ ቤት ውስጥ ከዚህ የበለጠ ነጻነት ያመጣ መሣሪያ እኔ አላውቅም። ዛሬ በመካነ ሰላም ከተማ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላት አለች፤ የመንግሥት ሠራተኛዋ ከቢሮ ስትወጣ ሦስቱን ዙር ለመጠበቅ ጊዜ ስለሚያጥራት በሳምንቱ መጨረሻ ብቻ ትጠራለች፤ በሌሎቹ ቀኖች አቦሉ ተጠጥቶ ይበተናል። በሠርጉ በኩል ደግሞ የድንኳን ኪራይ፣ የወንበር ኪራይ፣ የቢራ ሣጥን፣ የቪዲዮ ቀራጭ ዋጋ እየበዛ ሄዶ፣ ሰው ለአንድ ቀን ድግስ የብዙ ዓመት ዕዳ የሚሸከምበት ጊዜ መጥቷል፤ ይህም የድሮውን ግብር ክፉ ጎን በአዲስ መልክ እንደ መመለስ ሆኖ ስለሚታየኝ አጥብቆ ያሳዝነኛል። የተለየው ዳስና የተለየው ድስት ግን በዚያው ሠርግ እስከ አሁን አሉ፤ በጉም ለሙስሊም ጎረቤት በሕይወቱ ይሰጣል።

ሊጠፋ የተቃረበው የእጅ ልክ ነው። የቀድሞዎቹ እናቶች ሽሮንና በርበሬን የሚያዋሕዱት በእፍኝና በቁንጥር፣ በማሽተትና በመቅመስ እንጂ በሚዛን ስላልነበረ፣ ስንት ቁና ባቄላ ስንት እፍኝ ኮረሪማ እንደሚወስድ፣ ጦስኙ መቼ እንደሚቀጠፍ፣ ቀሪቦው እስኪጠቁር ድረስ ገብሱ ስንት ጊዜ እንደሚገላበጥ የሚናገር ጽሑፍ የለንም። ከመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች አንዱ በመካነ ሰላም ይገኛል፤ ተማሪዎቹም ከየአገሩ ክፍል መጥተው በየቤቱ ቡና ይጠራሉ። ከእነርሱ መካከል ቀለምና ወረቀት ይዞ ከረከቦቱ አጠገብ የሚቀመጥ፣ እማማ የሚሉትን እየጠየቀ የሚጽፍ፣ በሁለቱም ወገን ቤት የሚደረገውን ሳያዳላ የሚመዘግብ ቢገኝ፣ ሥራው ከብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ ይልቅ ለአገሩ ይጠቅማል፤ አረጋውያኑ በሕይወት ሳሉ፣ በዚሁ ዓመት ቢጀመርም ደግ ነው።